የሰሊጥ ማጥቀሻ በሩቅ ምሥራቅ ገበታ፤ ጥራቱ ግን ከአውድማ ይጀምራል

ሰሊጥ ከአውድማ ተነሥቶ ባሕር ከተሻገረ በኋላ በማን ገበታ ላይ እንደሚቀርብ አምራቹ ገበሬ አያየውም። ይሁንና የምርቱ ዋጋ የሚወሰነው በዚያው ገበታ ነው። ቻይና በዓለም ከፍተኛ የሰሊጥ ገዢ ስትሆን፣ ከኢትዮጵያም በብዛት ትገዛለች። ጃፓን ደግሞ የሚያስፈልጋትን ሰሊጥ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውጭ ታስገባለች።

በቤይጂንግ በስሱ የተቆረጠ የበግ ሥጋ በሚፈላ ውሃ ለአፍታ ይነከርና፣ በእኛ አገር ጥሬ ሥጋ በአዋዜ እንደሚጠቀስ ሁሉ፣ በሰሊጥ ማጥቀሻ ይበላል። ማጥቀሻው የሚዘጋጀው ሰሊጥ ተቆልቶ እስኪልም ከተፈጨ በኋላ በውሃ ቀጥኖ በቅመማ ቅመም እየታሸ ነው። 2 እጅ ሰሊጥ ከ8 እጅ ለውዝ ጋር የሚቀላቅል አሠራርም አለ። ጃፓኖች ተመሳሳዩን ማጥቀሻ «ጎማ ዳሬ» ይሉታል፤ «ጎማ» በቋንቋቸው ሰሊጥ ማለት ነው። ኮሪያውያን ደግሞ የተጠበሰ ሥጋ በጨውና በሰሊጥ ዘይት ያጠቅሳሉ።

ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ማጥቀሻው ገበታ ላይ ሲቀርብ ዳግመኛ የማይበስል መሆኑ ነው። የሻገተ ሰሊጥ በጣዕሙ፣ አፈር የበዛበትም በጥርስ ይታወቃል። የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪትም በመቁላት ብቻ ተጠርጎ አይጠፋም።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ደንብ፣ የተለየ መጠን ላልተወሰነለት መድኃኒት የፈቀደችው ቅሪት በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ይህም በ1,000 ኩንታል ሰሊጥ ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ቡና ላይ ቅሪት በመገኘቱ ወደ ጃፓን የሚላከው ቡና ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። የብክለቱ ምንጭ ሆኖ የተጠቆመውም ጆንያው እንጂ የገበሬው ማሳ አልነበረም።

የብዙ ገበሬ ሰሊጥ በአንድ መጋዘን ስለሚደባለቅ፣ የአንዱ ጆንያ ጉድለት የሁሉንም ድካም ያሳጣል። ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሰሊጡ ፍሬው ሳይረግፍ በወቅቱ እንዲታጨድ፣ ነዶው ቆሞ በደንብ እንዲደርቅ፣ በባዶ መሬት ሳይሆን በሸራ ላይ እንዲራገፍ ማድረግ ይገባቸዋል። ማዳበሪያ ወይም መድኃኒት የነበረበት ጆንያ ለሰሊጥ እንዳይውል፣ መድኃኒትም ከእህል ጋር በአንድ ቤት እንዳይቀመጥ መቆጣጠር የእነርሱ ኃላፊነት ነው። ነጩ የሁመራ ሰሊጥም ከሌላው ሳይደባለቅ ሊቀመጥ ይገባል። ገዢው ማጥቀሻውን ቀምሶ ከመፍረዱ በፊት፣ መሪው አውድማው ላይ ቆሞ መፍረድ ይኖርበታል።