እኛ ምን ጠፋብን?

በአንድ የጥር ዕረፍት ስድስት ሆነን፣ ስንቃችንን ቋጥረን፣ በሱሉልታና በፍቼ አድርገን ጎሐ ጽዮን ደረስን። አሳባችን በዓባይ ሸለቆ ያለውን የኖራ ድንጋይ ገደል ለመውጣት ነበር። ሳንወጣው ተመለስን። በዚህ የሳቁብን ጓደኞች ስላሉ መልሳችንን በዚህች ጋዜጣችን ለመስጠት ወደድን።

በመጀመሪያ «ገደል መውጣት የባለጸጋ ፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ምን ይረባናል?» ለሚሉን እንመልስ። ይህ ድንጋይ በትምህርት መጻሕፍት «አንታሎ» ይባላል። ስሙን ያወጣለት በ1860 ዓ.ም. ከናፒየር ጦር ጋር የመጣው እንግሊዛዊው ብላንፎርድ ነው፤ የትግራዩን ሕንጣሎ ጆሮው እንደ ሰማው ጻፈው። እኛም የገዛ አገራችንን ድንጋይ ስም ከእርሱ ተቀብለን ስንሸመድድ ኖርን። ይህ ደጋ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግድም ባሕር እንደ ነበረ የገባን ግን በክፍል ውስጥ ሳይሆን፣ በዐለቱ ውስጥ የተቀበረውን ዛጎል በጣታችን በነካን ጊዜ ነው። ንብርብሩም ከታች ወደ ላይ የሚነበብ ስለሆነ፣ ሊያነበው የሚሻ ሁሉ መውጣት አለበት።

በሁለተኛው ነገር ግን ጥፋተኞች እኛ ነን። የያዝነው ከገበያ የተገዛ የዕቃ ማሰሪያ ገመድ ነበር። የገደል ገመድ ከናይሎን የተሠራ ሆኖ፣ ሰው ሲወድቅ ጥቂት እየተለጠጠ የመውደቁን ኃይል ያበርዳል፤ የእኛው ይህ የለውም። የኖራ ድንጋይንም ውኃ እያሟሟ ለእጅ የሚመች ቀዳዳ ያወጣበታል፤ ነገር ግን ክረምት ያላላው ዐለት ለያዘው ሰው አይታመንም። 15 ሜትር ያህል እንደ ወጣን አንዱ ጓደኛችን የጨበጠው ድንጋይ ተገንጥሎ ወረደ። እርሱም አንድ እግር ብቻ በምታስቆም ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ቀረ። በሌላ በኩል ዞረው የደረሱለት አንድ የአገሩ አዛውንት እረኛ፣ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ እየነገሩ አወረዱት። ከዚያም «ልጆቼ፣ እኛ የምንወጣው ፍየል ሲጠፋብን ነው። እናንተ ምን ጠፋባችሁ?» አሉን።

ያን ዕለት መልስ አላገኘንም። ዛሬ ግን የጠፋብን አገራችንን በዓይናችን ማወቅ ነው እንላለን። ቢሆንም የጠፋውን የሚፈልግ ሰው ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን አይገባውም።

ስለዚህ ማኅበራችን የተራራ ጉዞ ክበብ ያቋቁም፤ ደኅና ገመድና የራስ ቁር ይግዛ፤ ከሚያውቅ ሰው ያልተማረ አይውጣ። የከርሰ ምድር መምህራኖቻችንም አብረውን ይውረዱ። ከሁሉ በላይ ግን «እንመለስ» የሚል ድምፅ ሳይፌዝበት ይሰማ። ሳይወጡ መመለስ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የጓደኛን ሬሳ ለእናቱ ይዞ መመለስ ነው።