የአያት ግድግዳ

ማዕበሉ ጀልባዋን ከገደሉ ሥር ከፍ ዝቅ ያደርጋታል። እዚያ የአሸዋ ዳርቻ የሚባል ነገር የለም፤ ደሴቱ ዙሪያውን ቋጥኝ ነው። ልጅ ያቀፈች እናት የጀልባዋ ጫፍ ላይ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች። ውኃው ሽቅብ ሲያነሣቸው ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብሎ ይወጣል፤ ቀጥሎ እናቲቱ ትዘላለች፤ ከላይ የቆሙት ክንዷን ለቀም ያደርጓታል። አንድ አፍታ የቀደመ ወይም የዘገየ ሰው ባሕር ነው የሚገባው። በኢትባያት ከባሕር ወደ ቤት የሚገባው እንዲህ ነው።

ኢትባያት በፊሊፒንስ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ባታኔስ በሚባለው ክፍለ ሀገር የምትገኝ ደሴት ናት። ደሴቲቱ በሙሉ አንድ ማዘጋጃ ቤት ነው የሚያስተዳድራት። ከማኒላ ይልቅ ታይዋን ይቀርባታል። ቀበሌዎቿ አምስት፣ ነዋሪዎቿ 3 ሺሕ ገደማ ናቸው። (እኛ ጋ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ከዚህ በላይ ሰው ይይዛል።) የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ባስኮ ሌላ ደሴት ላይ ስለሆነ፣ ባሕሩ ሲፈቅድ በጀልባ ሦስት አራት ሰዓት ይወስዳል። ሳይፈቅድ ደግሞ ሩዙም፣ ነዳጁም፣ ዘመድም ቀናት ሙሉ ይቀራል። ስለዚህ ሰዉ የሚተማመነው በጓሮው ነው፦ ቦዬ፣ ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ሦስት ከብት።

ምስጋናቸው ‹‹ዲዮስ ማማሄስ›› ነው፤ ‹‹እግዜር ይክፈልህ›› እንደማለት። ዲዮስ ስፓኝኛ ነው፤ ስፔኖች በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደዚያ አገር ሲመጡ ያመጡት ቃል። እኛም ‹‹እግዚአብሔር ይስጥልኝ›› ስንል ብድሩን ከራሳችን አቅም በላይ ወዳለው ነው የምንመራው። ሰው ለሰው ብዙ ውለታ በሚውልበት አገር ሌላ መክፈያ አይገኝም መሰለኝ።

ውለታው የሚበዛው ቤት ሲሠራ ነው። አገሩ የአውሎ ነፋስ መንገድ ላይ ነው፤ በዓመት በርካታ ነፋስ ያልፍበታል። አያቶቻቸው ለዚህ መላ ዘየዱ። የቤቱን ግድግዳ በድንጋይና በኖራ፣ አንዳንዱን አንድ ሜትር የሚያህል አወፈሩት። መስኮቱን ጠባብ አደረጉት፤ ነፋሱ በሚበረታበት በኩል ጭራሽ አልከፈቱም። ጣራውን ኮጎን በሚባል ሣር ደራርበው ከደኑት፤ ማዕበል ሲመጣ በገመድ ጠፍረው ያስሩታል። በደንብ የተከደነ ጣራ 20 እና 30 ዓመት ይቆያል። ታዲያ ያን ያህል ሣር አንድ ቤተሰብ አጭዶ፣ ተሸክሞ፣ ከድኖ አይጨርስም። ‹‹ያሩ›› ይጠራል፤ የኛው ደቦ ማለት ነው። ወንዱ ያጭዳል፣ ይከድናል፤ ሴቷ ታበስላለች፤ ልጁ ያቀብላል። የጎረቤቱን ጣራ ያልከደነ ሰው ነገ የራሱን ማን ይከድንለታል?

ይህ ቤት ነፋሱን ለትውልዶች ተቋቋመ። መስከረም 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ‹‹ሜራንቲ›› የተባለው እጅግ ብርቱ አውሎ ነፋስ በቀጥታ በኢትባያት ላይ ሲያልፍ፣ ብዙ ቆርቆሮ በነነ። ሰው የአያት ግድግዳ ያስጠልላል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም።

ሐምሌ 20 ቀን 2011 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ላይ ግን መሬቱ ራሱ ተነሣ። የመንቀጥቀጡ መጠን 5 ነጥብ 4 ነበር። ሰዉ ተኝቷል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ደግሞ 5 ነጥብ 9 መታው። ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ፤ ከ60 በላይ ቆሰሉ። የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን የደወል ማማም ወደቀ። ሰዉ ከተማው አደባባይ ላይ ድንኳን ጥሎ ማደር ጀመረ፤ ወደ ቤቱ መግባት የሚደፍር አልነበረም።

ነገሩን ላስረዳ። ነፋስ ቤትን ይገፋል፤ ክብደት ደግሞ ግፊትን ይመክታል። የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ቤቱን ከሥሩ ያወዛውዘዋል፤ ያን ጊዜ ክብደቱ ራሱ ጠላት ይሆናል። ውስጡ ብረት የሌለው፣ ኖራው ያረጀ ወፍራም ግድግዳ አንዴ ከተሰነጠቀ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ይዘረገፋል። ከነፋስ ያዳነው ውፍረት የተኛውን ሰው ተጫነው።

ይህን ሳነብ የመጣብኝ የዚያ አገር አያት ነው፤ አባቱ በሠራው ቤት የተወለደ፣ ልጆቹን ‹‹ማዕበል ሲመጣ ከግድግዳው አትራቁ›› እያለ ያሳደገ ሰው። አሁን ለልጅ ልጁ ምን ይንገረው? ግድግዳውን ይሽሽ? ቀጣዩ አውሎ ነፋስስ? ‹‹ተሳስቼ ነበር›› እንዳይል አልተሳሳተም። ‹‹ልክ ነበርኩ›› እንዳይልም ፍርስራሹ ፊቱ ነው። እኛ ወላጆች ለልጅ የምንሰጠው ምክር ሁሉ አንዱን አደጋ አይቶ የተሠራ መሆኑን አብዛኛውን ጊዜ እንረሳለን።

መሐንዲሶች መላ አላቸው፦ ግድግዳውን አናቱ ላይ ዙሪያውን በእንጨት ወይም በኮንክሪት ማሰር፣ ድንጋዩን በሽቦ መረብ መያዝ። ገንዘብ ይጠይቃል፤ ዕቃው ሁሉ በዚያች ጀልባ ነው የሚመጣው። ለብዙው ሰው የሚቀለው ብሎኬትና ቆርቆሮ ነው። እኔ ብሆን የልጆቼ መኝታ የቀለለው ቤት ውስጥ እንዲሆን እመርጥ ነበር፤ አልደብቅም። ቢሆንም አንድ ነገር ይከነክነኛል። ቆርቆሮ ሁለት አናጢ በሁለት ቀን ይመታዋል። ሣር የሚያጭድ፣ የሚያበስል፣ የሚያቀብል አይፈልግም፤ ጎረቤት አይጠራም። ልጁም ለማን ጣራ ምን እንዳቀበለ የሚያስታውሰው ቀን አይኖረውም።

ልጆቹም ቢሆኑ አይቆዩም። ኮሌጅ የሚገባው ወደ ባስኮ ወይም ወደ ትልቁ ደሴት ወደ ሉዞን ይሻገራል። ያን ቀን ቤተሰቡ ሻንጣውን ይዞ ገደሉ ድረስ ይወርዳል። ጀልባዋ ከፍ ስትል ልጁ ይዘላል፤ ማዶ ያሉት ይቀበሉታል። አያቱ ከላይ ሆና፣ ክንዱን ጨብጠው እስኪያስቀምጡት ድረስ ዓይኗን አትነቅልም።