ሽያጭ በገንዘብ ቆጠራ አያልቅም

ሰው ዕቃ የሚገዛው ብረቱንና ቀለሙን ወድዶ ሳይሆን ከዕቃው የሚያገኘውን አገልግሎት ተስፋ አድርጎ ስለ ሆነ፣ ያንን አገልግሎት የማይሰጥ አዲስ ዕቃ ሸጦ ገንዘቡን የተቀበለ ነጋዴ፣ ደረሰኙን በሥርዓት ቆርጦ ቢሰጥም እንኳ፣ የተቀበለው ዋጋ በርትዕ ገና የእርሱ አልሆነም። ይህን መሠረተ ሐሳብ አስቀድሜ የማኖረው፣ በአንበሳሜና በሐሙሲት፣ በወረታና በፎገራ ሜዳ የሚያርስ ገበሬ አዲስ የውሃ ሞተር ገዝቶ ሞተሩ በተበላሸበት ጊዜ የሚደርስበት እንግልት «ዕድሉ ነው» እየተባለ ሲታለፍ ስለምሰማ ነው። እኔ ግን ጉዳዩ የዕድል ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ ነው እላለሁ።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት አገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሐይቅ ከመግባታቸው በፊት በክረምት ሞልተው የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ፣ ቀድሞ በከብቱ ዘር ስሙ የተጠራ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች እርዳታ ሩዝ ከተሞከረበት ወዲህ ውሃ የሚተኛበት መሬት ሁሉ የእህል መሬት ሆኖ፣ ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ለመሆን በቅታለች። ሩዙ ታጭዶ በተነሣ ጊዜ ገበሬው በቀረው እርጥበት ጓያና ሽንብራ ይዘራል፤ ወንዝ ዳር ያለው ደግሞ ውሃውን በሞተር እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። እንግዲህ በበጋው ወራት የቤተሰቡ ተስፋ፣ የልጆቹ የትምህርት ወጪ፣ የማዳበሪያው ዕዳ ሁሉ በዚያች በአንዲት ሞተር ላይ የተንጠለጠለ ነው ማለት ነው።

ሽንኩርት ሥሩ ከላይ ከላይ የሚሄድ ተክል እንደ መሆኑ መጠን ከጥልቅ ያለውን እርጥበት ፈልጎ ማግኘት አይችልም፤ ኮረቱ በሚሞላበት ጊዜ ውሃ ቢቋረጥበት፣ ውሃው በኋላ ቢመለስም እንኳ፣ የጠፋው ምርት አይመለስም። ስለዚህ ሞተሩ በተገዛ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጭስ እያበዛ ኃይሉ ቢደክም፣ ፋሻው ተበልቶ ዘይት ቢያቃጥል፣ ወይም ማኅተሙ ለቆ ውሃ መሳብ ቢተው፣ የሚቆጠረው ኪሣራ የሞተሩ ዋጋ ብቻ አይደለም። ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ የቀን ሠራተኛው ሒሳብና የወራት ድካም አብረው ይሄዳሉ፤ ገበሬው መሬቱን የያዘው በእኩል ወይም በኪራይ ከሆነም ከባለመሬቱ ጋር የገባው ቃል ሳይቀር ይፈርሳል።

በዚህ ጊዜ የሚሆነውን የማያውቅ የለም። ገበሬው ሞተሩን አሸክሞ ወደ ገዛበት ሱቅ ይመለሳል። ሻጩ መጀመሪያ «ዘይት ሳታደርግ አስነሥተኸው ነው» ይለዋል፤ ቀጥሎ «እኔ አከፋፋይ እንጂ አስመጪ አይደለሁም» ይለዋል፤ አስመጪው ደግሞ ያለው አዲስ አበባ ነው። መለዋወጫው የለም፤ ቢኖርም የሌላ ሞዴል ነው። ዋስትና ተብሎ የተሰጠው ወረቀት በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ፣ ማኅተም የሌለበት፣ ማን የት እንደሚጠግን የማይናገር ነው። ገበሬውም መንገዱንና ጊዜውን አስቦ ይተወዋል፤ በመጨረሻም ወደ ሰፈሩ ጠጋኝ ወስዶ ከሌላ ሞተር በተነቀለ ዕቃ ያስጠግነዋል። ሞተሩ በዚህ ዓይነት አንድ ጊዜ ከተፈታ በኋላ ሻጩ «ነክተኸዋል» ብሎ ከነጭራሹ ይገላገላል።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ። በሬ የሚሸጥ ሰው ዋስ ይጠራ ነበር፤ እማኝ ባለበትም የበሬውን ጠባይ፣ ይዋጋ ወይም በቀንበር ይለግም እንደ ሆነ፣ ይጠየቅ ነበር፤ ደብቆ የተገኘም በሽማግሌ ፊት ይወቀስ ነበር። ያንን ሥርዓት ያጸናው የሰዎች መቀራረብ ነበረ፤ ሻጭና ገዢ በአንድ ገበያ የሚገናኙ፣ በአንድ ደብር የሚሳለሙ ስለ ነበሩ፣ የደበቀ ሰው ከእፍረት የሚያመልጥበት ስፍራ አልነበረውም። ዛሬ ግን ሞተሩን የሠራው ሰው ከባሕር ማዶ፣ ያስመጣው ከተማ፣ የሸጠው ወረታ፣ የተጎዳው ደግሞ ጉማራ ዳር በመሆኑ ኃላፊነቱ በመንገድ ላይ ተበታትኖ ጠፍቷል።

በዚሁ በደቡብ ጎንደር ምድር፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮጳውያን ሚስዮናውያንንና ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ ባሠሩ ጊዜ፣ የመጀመሪያው የማቅለጫ ሙከራ ሳይሳካ ቢቀርም ሠሪው ከአሠሪው ደጅ የማይርቅ ስለ ነበረ ሥራው ተደግሞ ተደጋግሞ፣ በመጨረሻ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ የተጎተተውን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እስከ መውለድ ደርሷል። በባለ እጆቹ ላይ የደረሰውን ግዳጅ ማንም ሊያመሰግነው አይገባም፤ ነገር ግን መሣሪያ የሠራ ሰው የሠራው እስኪሠራ ድረስ ተጠያቂ መሆኑን ጋፋት ትመሰክራለች።

ሌላው ምስክር ከሸዋ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ከ2,000 በላይ ጠመንጃ ለንጉሥ ምኒልክ ባመጣ ጊዜ፣ ጠመንጃዎቹ ዘመናቸው ያለፈ፣ በከብሱል የሚተኮሱ ነበሩ። ንጉሡም ዋጋውን እንደ ነጋዴው ፈቃድ ሳይሆን እንደ ራሳቸው ፍርድ ቆርጠው፣ የሟቹን ሸሪኩን ዕዳ ሳይቀር አስበው ከፈሉ፤ ነጋዴውም እያማረረ ተመለሰ። ንጉሥ ለራሱ ዳኛ ሊሆን ይችላል። በጉማራ ዳር ያለው ገበሬ ግን ንጉሥ አይደለምና፣ ንጉሡ በሥልጣናቸው ያገኙትን እርሱ በሕግ ሊያገኘው ይገባል። እንግዲህ ለብዙው ሰው የዕለት እንጀራ መሣሪያ ወደ ሆነው ወደ ሞተሩ እመለሳለሁ።

ሕግ የለም አይባልም። ሊቃውንት ለዘመናት የተረጎሙት ፍትሐ ነገሥት ከ51 አንቀጾቹ 33ኛውን ለመሸጥና ለመግዛት ሥርዓት መድቦታል። በጥንቱ ሮም የገበያ ሹማምንት ያወጡት ደንብ፣ የተደበቀ ነውር ያለበት ከብት የተሸጠለት ሰው በስድስት ወር ውስጥ መልሶ ገንዘቡን እንዲቀበል ይፈቅድ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 2287 ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንደሚሆን ደንግጓል፤ ገዢው ጉድለቱን ባወቀ ጊዜ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ አዝዞ፣ ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ እንዲያቀርብ ጊዜ ሰጥቶታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል።

ነገር ግን ይህ አዋጅ «ሸማች» የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን እንጂ ለማምረቻ ተግባር ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛውን ሰው አይደለም። እንግዲህ ለእንግዳ መቀበያ ቤቱ ቴሌቪዥን የገዛ የከተማ ሰው በአዋጁ ጥላ ሥር ሲገባ፣ ልጆቹን የሚያበላበትን የውሃ ሞተር የገዛ ገበሬ «አንተ አምራች ነህ» ተብሎ ከደጅ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በእርግጥ ለእርሱም ክፍት ነው፤ ነገር ግን መደበኛው ፍርድ ቤት ጠበቃና ባለሙያ ምስክር፣ ቀጠሮና ምልልስ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ ሽንኩርቱ ደርቆ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ፍርድ ለገበሬው የመጽሐፍ ፍትሕ እንጂ የማሳ ፍትሕ አይሆንለትም።

ይህን ጉድለት ሌሎች አገሮች አይተው አርመውታል። ህንድ በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሻሻለች ጊዜ፣ ለንግድ ዓላማ የተገዛ ዕቃ ከሕጉ ውጭ መሆኑን ሳትነካ፣ በገዛ እጁ ሠርቶ ኑሮውን ለማሸነፍ ብቻ ዕቃ የገዛ ሰው ግን እንደ ሸማች እንዲቆጠር ደነገገች። ይህ ድንጋጌ ባለ ብዙ ካፒታሉን ነጋዴ ከአንድ ሞተር ባለቤት በጥበብ የሚለይ ስለ ሆነ፣ ለአገራችን ሕግ አውጪዎች የተዘጋጀ አርአያ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ጭማሪ የብዙ ሺህ ገበሬ መብት ሊቀና ይችላል።

ሁለተኛው መታረም ያለበት ነገር ጊዜው ነው። አሥራ አምስት ቀን ለጫማና ለምጣድ ይበቃ ይሆናል፤ ለእርሻ መሣሪያ ግን የቀን መቁጠሪያው መሬቱ ነው። ገበሬው ሞተሩን ከመስኖው ወራት አስቀድሞ ገንዘብ ባገኘ ጊዜ ገዝቶ ቢያስቀምጠው፣ ጉድለቱ የሚታወቀው የ15 ቀኑ ጊዜ ሳይሠራበት ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ የእርሻ መሣሪያ ዋስትና ከሥራ ከሚገባበት ዕለት ጀምሮ ቢያንስ አንድ ሙሉ የመስኖ ወቅት እንዲጸና በደንብ ሊወሰን ይገባል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅመው፣ የድኅረ ሽያጭ አገልግሎት በአካል መኖር ነው። ፍርድ ቤት የተበላሸ ሞተር አይጠግንም፤ የሚጠግነው በቅርብ ያለ ባለሙያና በመደርደሪያ ላይ የተገኘ መለዋወጫ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚገነጠልባት ከተማ ከመሆኗም በላይ ደረቅ ወደብ የተሠራባት ስለ ሆነች፣ ሸቀጥ ከባሕር ማዶ ሊደርስባት እየቻለ ፋሻ፣ ካንዴላና ኩሽኔታ የማይደርስባት ምክንያት ሊኖር አይገባም። የውሃ ሞተር የሚያስመጣ ሁሉ በሚሸጥበት ዞን ቢያንስ አንድ የጥገና ወኪል እንዲያቆም፣ ዋና ዋናዎቹን መለዋወጫዎች እንዲያከማች፣ የዋስትናውን ወረቀትም በአማርኛ ጽፎ በማኅተሙ እንዲያጸና የማስመጫ ፈቃድ ሲሰጠው ግዴታ ቢደረግበት፣ ሸክሙ ከትርፉ ጋር ሲመዛዘን ቀላል ነው። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም ወጣቶችን በዚህ ጥገና ቢያሠለጥኑ፣ ሥራ ለፈታው ወጣት እንጀራ፣ ለገበሬው ዕረፍት ይሆናል።

ለሻጮችም ሚዛኑን ማጉደል አይገባኝም። ጭቃና አሸዋ የተቀላቀለበትን የወንዝ ውሃ ያለ ማጣሪያ የሚስብ፣ ዘይት ሳይለውጥ ከንጋት እስከ ምሽት የሚያሠራ፣ የተበረዘ ቤንዚን የሚቀዳ ሰው አለ፤ የእርሱን ጥፋት ነጋዴው እንዲከፍል ማድረግም ዐመፃ ነው። ነገር ግን የአጠቃቀሙን ሥርዓት በሚገባው ቋንቋ፣ ሞተሩን አስነሥቶ እያሳየ ያላስተማረ ሻጭ «አላወቅህበትም» ብሎ ለመክሰስ ምን አፍ አለው? ማስተማር የሽያጩ አንድ ክፍል ነው።

ገዢውም የድርሻውን ይወጣ። ያለ ደረሰኝ አይግዛ፤ ዋጋ ሊቀነስልህ ነው ቢሉት እንኳ ደረሰኙን አይተው፣ በቅናሹ መብቱን እየሸጠ ነውና። ሞተሩን ከሱቁ ሳያወጣ እማኝ ባለበት አስነሥቶ ይሞክረው፤ የሞተሩ ቁጥር በደረሰኙ ላይ መጻፉን ይመልከት። ጉድለት ባየ ጊዜ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ያስታውቅ፣ የጽሑፉንም ግልባጭ ያስቀር፤ ሻጩ ሳያየው ለሌላ ጠጋኝ አያስፈታ። ከሁሉ በላይ ግን ብቻውን አይቁም። የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማዳበሪያና ዘር በጋራ እንደሚያቀርቡ ሁሉ ሞተሩንም በጋራ ቢያስገዙ፣ በውሉ ላይ የመለዋወጫውንና የጥገናውን ጊዜ አስቀድመው ቢያጽፉ፣ ለአንድ ገበሬ ጆሮውን የሚዘጋ አስመጪ ለብዙ መቶ ገዢ በሩን ይከፍታል።

ንግድ የተባረከ ሙያ የሚሆነው ሻጭና ገዢ ሁለቱም ተጠቅመው በሚለያዩበት ጊዜ ነው። እንግዲህ የሕዝብ እንደራሴዎች የሸማቹን ትርጉም ኑሮውን በገዛ እጁ ለሚያሸንፈው ገበሬ ያስፉለት፤ የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ፈቃድ ሲሰጡም ሲያድሱም የጥገናውን ቦታ በዓይናቸው ይመልከቱ፤ ነጋዴዎችም ዘወትር ገዢ የሚያመላልስላቸው በሸጡት ዕቃ ጀርባ መቆማቸው መሆኑን ይወቁ። የፎገራ ገበሬ የሚለምነው ችሮታ የለም፤ የሚጠይቀው ዋጋውን የከፈለበትን ነው፤ ዋጋውን ከፍሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ሊሰጠው የሚገባው መልስ አንድ ብቻ ነው፦ ይጠገንለት፣ ይለወጥለት፣ ወይም ገንዘቡ ይመለስለት።