የመኸር መኪና በክረምት ይሰናዳ

ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን የሚያሰናዳው ዝናቡ ከጣለ በኋላ አይደለም፤ ለመኸር መኪናም ሕጉ ይኸው ነው። በተለይም ዕድሜው የገፋ መኪና በክረምት ተፈትሾ ካልታደሰ፥ ጉድለቱ የሚገለጸው እህሉ በአውድማ ላይ ተከምሮ ባለቤቱ በሚጣደፍበት ቀን ነው። በዚያን ቀን የሚደርሰው ጉዳት የገበሬው ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን እህሉን የሚገዛው፥ ወደ ውጭ አገር የሚልከውና መለዋወጫ የሚሸጠው ነጋዴ ሁሉ ተካፋይ ነው።

በኢትዮጵያ ኮምባይነር ይበልጥ የታወቀው በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፥ አዲሱን የእርሻ ዘዴ ለአነስተኛ ገበሬ ለማድረስ የተነሣ ነበር። ዛሬ በዚያ አካባቢ ኮምባይነር ለመግዛት አቅም የሌለው ገበሬ በኪራይ ያሳጭዳል። በከሚሴ ዙሪያና በቦርከና ሸለቆ ግን ማሳው አነስተኛ፥ ሰብሉም ማሽላ፥ በቆሎ፥ ጤፍና ማሾ የተሰባጠረ ስለ ሆነ፥ ለአካባቢው ይበልጥ የሚስማማው በትራክተር ወይም በናፍታ ሞተር የሚሠራው መፈልፈያና መውቂያ ነው። መጠናቸው ቢለያይም አሮጌ ኮምባይነርንም ሆነ ትንሽ መፈልፈያን ማሰናዳት የሚጠይቀው ጥንቃቄ አንድ ነው።

በመጀመሪያ መኪናው ካለፈው ዓመት ገለባና አቧራ ይጸዳል። የተሰነጠቀ ቺንጋ፥ የረዘመ ካቴና፥ ሲሽከረከር የሚንኳኳ ኩሽኔታ ይለወጣል፤ የሞተሩ ዘይትና ፊልትሮም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ከበሮው እንደ ሰብሉ ዓይነት ይስተካከላል። ስንዴ በተወቃበት ፍጥነት በቆሎ ቢወቃ ፍሬው ይፈረካከሳልና፥ ፍጥነቱ ይቀነሳል፤ ፍሬው የሚያልፍበትም ክፍተት ይሰፋል። በኮምባይነር ደግሞ የስንዴው ማጨጃ ተነሥቶ ለበቆሎ የተሠራው ይገጠማል። በመጨረሻም የቺንጋውና የካቴናው መከለያ በቦታው ተመልሶ መኪናው ያለ እህል ይነሣና ድምፁ ይደመጣል። ይህ ሁሉ በክረምት የጥቂት ቀን ሥራ ሲሆን፥ በኅዳር ግን የመኸር ቀን ያባክናል።

ጉዳዩ ለነጋዴው ምን ያህል እንደሚቀርብ ከእህሉ ይታያል። የተፈረካከሰ በቆሎ ነቀዝና ሻጋታ ፈጥነው ይደርሱበታል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊያፈራ ይችላል። መኪናው ተሰብሮ በሜዳ የቆየ ክምር ያልታሰበ ዝናብ ቢያገኘው፥ እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ ገደማ እስኪወርድ ደርቆ ወደ ጎተራ የሚገባበት ጊዜ ይራዘማል። ወደ ውጭ አገር የሚላከው ማሾም በመውቂያ ውስጥ ሲሰነጠቅ ዋጋው ይወድቃል፤ ላኪው በኋላ ቢያስበጥረው የተሰነጠቀውን ይለያል እንጂ አይጠግነውም።

የገንዘብ ሚኒስቴር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ወደ አገር የሚገቡ የእርሻ መኪናዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ እንዲሆኑ ፈቅዷል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን መኪናን ያለ መለዋወጫ የሚሸጥ አስመጪ የሸጠው ግማሽ መኪና ነው። ገዢው በሁለተኛው መኸር ቺንጋ አጥቶ ሥራ ሲፈታ ያየ ጎረቤት ሁለተኛ መኪና አይገዛም።

ባለሱቁ በበኩሉ፥ «መለዋወጫ ዓመት ሙሉ በመደርደሪያ ተቀምጦ ገንዘብ ያስራል» ቢል ቃሉ እውነት አለበት። ይሁን እንጂ አብዛኛው ተፈላጊ ዕቃ የአንድ መኪና ብቻ አይደለም። 6205 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት ኩሽኔታ ሠሪው ማንም ቢሆን የውስጡ ስፋት 25፥ የውጪው 52፥ ውፍረቱም 15 ሚሊሜትር ነው። ቺንጋም እንዲሁ በዓይነቱና በርዝመቱ ይታወቃል። ይህን የመሰለ ዕቃ ለወፍጮ ቤትም፥ ለውሃ መሳቢያም ሊያገለግል ስለሚችል በዓመት አንዴ ብቻ የሚሸጥ አይደለም። የዞኑ ባለሱቆች በየወረዳቸው ያሉትን መኪናዎች ቁጥር አስመዝግበው ትእዛዛቸውን ቢያስተባብሩ፥ የአንዱ ሸክም ለሁሉም ይቀላል።

ዕቃው ከባሕር ማዶ በጅቡቲ ወደብ የሚመጣ ነውና ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ አስመጪው ትእዛዙን በበልግ ቢሰጥ፥ ዕቃው በነሐሴ ከሚሴ ቢደርስና በባቲ የሰኞ ገበያ ላይም ቢታይ፥ ገበሬው በጊዜ ገዝቶ ይገጥመዋል። በኅዳር የሚጠራ መካኒክም ሆነ በታኅሣሥ የሚደርስ ቺንጋ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፥ የተፈረካከሰውን እህል አይመልስም።