ሳይመረመር ስለሚገባ ፋይል

ባሁኑ ዘመን ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ገንዘባቸውን፥ ንብረታቸውንና የሠራተኞቻቸውን ደመወዝ የሚቈጣጠሩት በኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙም ደረሰኝ፥ ማመልከቻና ፎቶግራፍ የመሰለውን ፋይል ከውጭ መቀበል ግድ ይሆንበታል። ነገር ግን ገቢውን የማይመረምር በር ለባለጕዳይና ለወንበዴ እኩል የተከፈተ ነው።

ለዚህም ምስክር የሚሆነው ኤስ.ኤ.ፒ. የተባለው የጀርመን ኩባንያ በሠራው በኔትዊቨር ላይ የደረሰው አደጋ ነው። በ2017 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር እንደ ታወቀው፥ ቪዥዋል ኮምፖዘር የሚባለው ክፍል የላኪውን ማንነትና ፈቃድ ሳይጠይቅ ፋይል ይቀበል ነበር። አጥቂዎችም ትእዛዝ የተጻፈበትን ፋይል አስገቡ፤ ኋላም በኢንተርኔት አድራሻው በጠሩት ጊዜ ሰርቨሩ ትእዛዙን ፈጸመላቸው። ወረቀት በመዝገብ ቤት ቢቀመጥ አንባቢ እስኪያነሣው ድረስ ዝም ይላል፤ እንዲህ ያለው ፋይል ግን በገባበት ቤት አዛዥ ይሆናል። የአደጋውም ክብደት ከ10 ነጥብ 10 ተሰጠው። ኩባንያው ሚያዝያ 16 ቀን አስቸኳይ ማረሚያ፥ ግንቦት 5 ቀንም ከዚሁ ጋራ ለተያያዘ ሌላ ጕድለት ሁለተኛ ማረሚያ አወጣ።

ከዚህ ነገር ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። አንደኛው፥ ያ ክፍል ከዋናው ፕሮግራም ጋራ አብሮ የሚተከል ሳይሆን በተጠቃሚው ፈቃድ የሚጨመር ነበር። እንግዲህ ጨምሮት የማይሠራበት መሥሪያ ቤት ለማይጠቅመው በር ዘብ ሳያቆም ኖረ ማለት ነው። ሁለተኛው፥ ማረሚያ በሩን ይዘጋል እንጂ አስቀድሞ የገባውን አያስወጣም። ኋላም ሌሎች አጥቂዎች የፊተኞቹ ተክለውት በሄዱት ፋይል ሲጠቀሙ ተገኝተዋል። ጅቡ በግቢው ውስጥ ሳለ በሩን መዝጋት በጎቹን አያድንም።

አንዳንድ ሹማምንት ይህ የባለሙያ ጕዳይ ነው ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፥ ማረሚያውን የሚጭነው ባለሙያው ነው፤ ዳሩ ግን ማረሚያው እስኪጫን ድረስ ሥራው ለጥቂት ሰዓት ይቁም ብሎ የሚፈቅደው አለቃው ነው። ፈቃዱ በዘገየ ቍጥር ለአጥቂው ጊዜ ይጨመርለታል።

መድኀኒቱ የተሰወረ አይደለም። ላኪው አስቀድሞ ማንነቱን ያስረዳ፤ የሚፈቀደው የፋይል ዐይነት ተለይቶ ይወሰን፤ ስሙ ብቻ ሳይሆን ይዘቱም ይመርመር፤ የገባውም ፋይል እንደ ትእዛዝ ሊፈጸም በማይችልበት ስፍራ ይቀመጥ። የማያስፈልገው ክፍል ይነቀል፤ ከማረሚያም በኋላ ቤቱ በሙሉ ይፈተሽ። ይህን ያላደረገ አለቃ ማረሚያውን አስጭኖ ተረጋግቶ ቢቀመጥ፥ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ በሌላ ሰው እጅ እንዳልሆነ ሊያውቅ አይችልም።