ሞተሪኖው ነው ወይስ ቮላኖው?

የዛሬው ርዕሳችን በመኪና ለሚተዳደር ቤተሰብ ሁሉ የሚጠቅም ነው። ይኸውም ተጠግኖና ተለውጦ ሳለ ተመልሶ ስለሚበላሽ ሞተሪኖ ነው።

እስቲ አትክልት ተራን እናስታውስ። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ሃይሌ ጋርመንት እስኪዛወር ድረስ፣ ከመቂና ከዝዋይ ቲማቲምና ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች ይገቡበት ነበር። ተራ የሚጠብቅ ሾፌር ጥቂት ይጠጋል፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር ያጠፋል፣ እንደገና ያስነሳል። ሞተሪኖን የሚጨርሰው ደግሞ መኪናው የተጓዘው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሞተሩ የተነሳበት ጊዜ ብዛት ነው። ስለዚህ የገበያ መኪናና የከተማ ታክሲ አገር አቋራጭ ከሚጓዝ መኪና ይልቅ ሞተሪኖ ይበላሉ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቁልፉ ሲዞር ብረት የሚያፋጭ ድምፅ ይሰማል። መኪናው በግፊ ይነሳል። ሾፌሩ ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ሞተሪኖ ይገዛል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ድምፅ ይመለሳል፤ ሌላ ይገዛል። ለቤት ኪራይና ለልጆች ትምህርት የታሰበው ገንዘብ በዚሁ ያልቃል። ሻጩ ይታማል፣ መካኒኩ ይሰደባል፣ ቲማቲሙም መንገድ ላይ ይበላሻል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከተገዛው ዕቃ ሳይሆን ዕቃው ከሚገባበት ቦታ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት። ድሮ ሞተር የሚነሳው ከፊት ለፊት በእጅ በሚዞር ብረት ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912 እ.ኤ.አ. በካዲላክ መኪና ላይ ከዋለ ወዲህ ግን ሥራው የሞተሪኖ ሆነ። ቁልፉን ስናዞር ሶሌኖይድ የሚባለው ክፍል ቤንዲክስ የተባለውን ባለ ጥርስ ዕቃ ወደፊት ይገፋል፤ የባትሪውንም ኃይል ለሞተሪኖው ይለቃል። ቤንዲክሱ የቮላኖውን ጥርስ ነክሶ ያዞራል። ቮላኖ ከሞተሩ በስተኋላ ያለው ከባድ ክብ ብረት ሲሆን፣ ጥርሶቹ ያሉት ዙሪያውን በተገጠመ ቀለበት ላይ ነው። ቤንዲክሱ 9 ወይም 10 ያህል፣ ቀለበቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ100 በላይ ጥርስ ስላላቸው፣ ትንሹ ሞተሪኖ ከአሥር ጊዜ በላይ ዞሮ ትልቁን ሞተር አንዴ ያዞራል።

እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ድምፁን አድምጡ።

«ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ወይም «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪውና ገመዱ ነው። ሙሉ የሆነ የ12 ቮልት ባትሪ ሥራ ሳይጀምር 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተር ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ ኃይል ይስባል። የባትሪውን ጫፎችና ከሞተሩ አካል ጋር የሚያገናኘውን ገመድ አጽድቶ ማጥበቅ ብቻውን መፍትሔ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሞተሪኖው «ዝዝዝ» እያለ ብቻውን ከዞረና ሞተሩ ካልዞረ፣ ቤንዲክሱ መንሸራተቱን ወይም የቮላኖው ጥርስ በዚያ ቦታ መጥፋቱን ያመለክታል።

አንድ ቀን በደህና ተነስቶ በሌላው ቀን የሚያፋጭ ከሆነ ግን ቮላኖውን ጠርጥሩ። ምክንያቱም ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ በውስጡ የታመቀው አየር እየያዘው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ቦታዎች ነው። ቤንዲክሱ ሁልጊዜ እነዚያኑ ጥርሶች ስለሚመታ እነርሱ ተበልተው ሌሎቹ ደህና ይሆናሉ። መፈተኛው ቀላል ነው። ካምቢዮው ማርሽ በእጅ የሚቀየርበት ከሆነ፣ ሜዳ ላይ ቁልፉን አጥፍታችሁ በከፍተኛው ማርሽ መኪናውን ጥቂት ግፉት፤ ከዚያ ወደ ዜሮ ማርሽ መልሳችሁ አስነሱ። አሁን ያለ ችግር ከተነሳ፣ በሽታው የቮላኖው መሆኑ አይቀርም።

ስለዚህ ሞተሪኖ በወረደ ቁጥር መካኒኩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ በቀዳዳው ባትሪ እያበራ፣ ሞተሩን በእጅ አንድ ሙሉ ዙር አዙሮ ጥርሶቹን ሁሉ ይይ። ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። የተበላ ቮላኖ ላይ የገባ አዲስ ቤንዲክስ በአጭር ጊዜ ይበላል፤ የተበላ ቤንዲክስም አዲሱን ቮላኖ ይበላል። የላሉ ቡሎኖችና የጥርሱ ቁጥር የማይገጥም ሞተሪኖም ይህንኑ ጉዳት ያስከትላሉ።

ጥርሱ ካለቀ የሚለወጠው ቀለበቱ ነው። ቀለበቱ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሞቅ ይሰፋና በቮላኖው ላይ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝም አጥብቆ ይይዛል። እስኪቀላ ከተቃጠለ ጥንካሬውን ያጣል። ጥርሱን በብየዳ ሞልቶ መሞረድም በዚሁ ምክንያት አያዛልቅም። በአንዳንድ ባለ አራት ሲሊንደር መኪኖች ቀለበቱን አውልቆ ሩብ ዙር አዙሮ በመመለስ ያልተበሉትን ጥርሶች መጠቀም ይቻላል። ካምቢዮ ማውረድ ብዙ ድካም ያለው ሥራ ስለሆነ፣ በዚያው የፍሪሲዮኑን ሸራና የኋላውን የዘይት መያዣ ጎማ ማየት ወጪ ይቆጥባል።

ከገንዘብ በላይ የሰው ሕይወት አለ። ሞተሪኖ ከመፍታታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። መኪናው ማርሽ ውስጥ እያለ በካቻቪቴ አገናኝቶ ማስነሳት በስሩ የተኛውን ሰው ያስጨፈልቃል። ሕፃናት መኪና እንዲገፉ አትፍቀዱ። ቁልፉንም ከ10 ሰከንድ በላይ አትያዙ፤ ካልተነሳ አንድ ደቂቃ ያህል አሳርፉት።

ሙያውን የምትማሩ ወጣቶች ሆይ! ሥራ አማና ነው። ቮላኖው መበላቱን እያያችሁ ሞተሪኖ ብቻ ቀይራችሁ ብትሸኙት፣ የዚያ ቤተሰብ ገቢ ከጥቂት ወር በኋላ እንደገና ይቆማል። እውነቱን ብትነግሩት ግን ደንበኛው ዛሬ ቢያዝንም ነገ ሌላ ደንበኛ ይዞላችሁ ይመጣል።