ሳይፈርሙ ዋስ የሆኑ ጎረቤቶች

ባለፈው ሰሞን በምግብ አዳራሹ አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ወዳጄ፣ «ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ቤቱ በሐራጅ ቢሸጥ፣ ነገሩ የአበዳሪና የተበዳሪ ውል ነው፤ ሦስተኛ ሰው ምን አገባው?» እያለ ሲከራከር ሰማሁ። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ተስማሙ። እውነቱን ለመናገር እኔም ምሳዬን በልቼ እስክጨርስ ድረስ ትክክል መስሎኝ ነበር።

እስቲ በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ የሆነውን እንመልከት። በዚያች ከተማ ስላቪክ ቪሌጅ የሚባል፣ ከቼክና ከፖላንድ የመጡ ሠራተኞች ያቀኑት ሰፈር አለ። አበዳሪዎች የተበዳሪውን አቅም በቅጡ ሳያጣሩ፣ ወለዱ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የሚንር ብድር አደሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በአንዱ ሩብ ዓመት በአሜሪካ ካሉት የፖስታ ክልሎች ሁሉ ብዙ የቤት ዕዳ ክስ የተከፈተበት ይኸው ሰፈር ሆኖ ተገኘ።

ባለቤቱ ወጣ፤ ቤቱ ባዶ ቀረ። ሌቦች ገብተው የመዳብ ቧንቧውን ነቀሉ፤ ውሃው ምድር ቤቱን ሞላ፤ ጣራው አፈሰሰ። አንዳንዱን ባንክ ክስ ከጀመረ በኋላ ቤቱ ወጪውን እንደማያወጣ አይቶ ስሙን ሳያዛውር ትቶት ሄደ።

እንግዲህ አጠገቡ ያለውን ሰው አስቡት። ብድሩን ከፍሎ የጨረሰ፣ ለማንም ዕዳ የሌለበት ሽማግሌ ነው እንበል። ቤቱን ልሽጥ ሲል ገማቹ የሚያስተያየው በቅርቡ በሰፈሩ ከተሸጡት ቤቶች ጋር ነው፤ እነርሱም በሐራጅ የረከሱ ናቸው። ኢመርግሉክና ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ቺካጎ ባወጡት ጥናት፣ በ200 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ በዕዳ የተወሰደ እያንዳንዱ ቤት የጎረቤቱን ቤት ዋጋ በመቶ 0.9 ያህል ይቀንሳል ብለዋል። ትንሽ ትመስላለች፤ በአንድ መንገድ ላይ አሥር ቤት ሲዘጋ ግን ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት። በዚያ አገር ትምህርት ቤት በከፊል የሚተዳደረው በቤት ግብር ነውና ጉዳቱ ሽማግሌው ዘንድ አይቆምም። ሰውየው ሳይፈርም ዋስ ሆነ ማለት አይደለምን? የእኛ አገር ዋስ እንኳ ቢያንስ ተጠይቆ ነው የሚገባው።

ከተማዪቱ እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ሃያ አንድ ባንኮችንና የገንዘብ ድርጅቶችን ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ ክሱን በ2009 ውድቅ አደረገው፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2010 አጸናው። በባንኮቹ ሥራና በከተማዪቱ ጉዳት መካከል የሌሎች ብዙ ሰዎች ድርጊት ስለ ገባ ግንኙነቱ ሩቅ ነው ተባለ። ክርክሩ መሠረት የለውም አልልም፤ ቧንቧውን የነቀለው ሌባ እንጂ ባንኩ አይደለም። ነገር ግን ባዶ ቤቱን ያለ ጠባቂ የተወውስ? ለሽማግሌው ያ ቤት ሩቅ አልነበረም፤ አጥር ብቻ ነው የሚለያቸው። ያለቀላቸውን ቤቶች ተረክቦ የማፍረሱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 ለተቋቋመው የካውንቲው የመሬት ባንክ ቀረ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችንም አፈረሰ።

በእኛ አገር በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ ተበዳሪውን ቢያንስ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ውሉ ከፈቀደለት ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ መንገድ ከፍቶአል። አዲስ አበባ ቤት የጠፋባት ከተማ ስለሆነች እንደ ክሊቭላንድ መንገዱ ሁሉ ባዶ ይሆናል ብዬ አላስፈራራም። እኛ ዘንድ ሳይፈርም ዋስ የሚሆነው ሌላ ሰው ነው። በጋዜጣ የሚወጣውን የሐራጅ ማስታወቂያ አንብቡ፤ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ የካርታው ቁጥር፣ መነሻው ዋጋ ተዘርዝሮአል። ከግቢው ጀርባ በሰርቪስ ክፍል ተከራይቶ ስለሚኖረው ቤተሰብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቃል የለበትም።

ስለዚህ ቤት የሚረከብ ባንክ ከተረከበበት ቀን ጀምሮ ለጣራውና ለአጥሩ ኃላፊ ይሁን፤ ተከራዩም ከሐራጁ በፊት በጽሑፍ ይነገረው እላለሁ። የሕግ ተማሪዎች ይህ በምን አኳኋን እንደሚጻፍ ያሳዩን። ወዳጄም መልስ ካለው ለሚቀጥለው እትም ይላክ፤ ይህንኑ ገጽ እንለቅለታለን።